የበርሜሉ ቁልፍና አረንጓዴው ብርሃን

ሰው «ውሃ ቀጠነ» ብሎ ይጣላል፤ እኔ ጁባ ሳለሁ የምጣላው ውሃ አለቀ ብዬ ነበር። አገሩ ገና ነጻ ሳይወጣ፣ ማላኪያ ሰፈር አጠገብ ባለ የሐበሻ ሆቴል ውስጥ ጄኔሬተሩም ውሃውም በእኔ ኃላፊነት ነበሩ። ቦቴው ከነጭ አባይ ቀድቶ የሚመጣው ደስ ባለው ቀን ነው። ወጥ የሚሠሩት ሴትዮ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ አንዱን ሰሃን ሦስቴ ካላለቀለቁ አይረኩም።

«ሰሃኑ ሊቆርብ ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«አንተ በቆሻሻ ብላ!» ይሉኛል።

አንድ ቀን ንዴቴ ገነፈለና የውሃውን በርሜል በሰንሰለት ጠፍሬ ቆለፍኩት። ጠዋትና ማታ እኔው እየለካሁ እሰጣቸው ጀመር።

በሳምንቱ የጄኔሬተሩ ባትሪ ላይ አሲድ ስጨምር ጀሪካኑ ከእጄ አመለጠና አሲዱ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ተረጨብኝ። ጩኸቴን ሰምተው እትዬ ሮጠው መጡ።

«ቁልፉ የት አለ?»

ኪሴን ብዳብስ አጣሁት። አልጠበቁኝም። የሙቀጫውን ዘነዘና አንስተው ቁልፉን ሰበሩት፤ ዓይኔን በጣታቸው ፈልቅቀው በጣሳ እየቀዱ ያፈሱብኝ ጀመር። «ይበቃል» ብላቸው «ዝም በል!» አሉኝ። በርሜሉ እስኪሟጠጥ አላቆሙም።

ክሊኒክ የተቀበለን ሐኪም ኢትዮጵያ ያደገ የጁባ ልጅ ነበር።

«የአሲድ መለኪያ ወረቀት አልቆብናል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ሌላ ዘዴ አለ» አለ።

ብርቱካንማ ቀለም የተነከረች ቀጭን ወረቀት ዓይኔን አስነካ፣ መጋረጃውን ዘጋና ሰማያዊ መብራት አበራብኝ።

«ይህ ቀለም በጤነኛ እንባ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አሲድ ከቀረ ግን ይደበዝዛል።»

ጎንበስ ብሎ ዓይኔን ደጋግሞ አየ። ዓይኔ ጠፋ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ያበራል! አሲዱ ታጥቧል። ጥግ ላይ ትንሽ ቁስል ናት፣ ትድናለች። ማነው እንዲህ ያጠበህ?»

እትዬን በእጄ አሳየሁት። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው «ቁልፍህን ሰበርኩብህ፣ አትቀየመኝ» አሉ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እንባዬ ከነቀለሙ ቢጫ ሆኖ ጉንጬ ላይ ወረደ፤ እሳቸውም በነጠላቸው ጠረጉልኝ።

ሌላ ቁልፍ አልገዛሁም። ይህንንም የምጽፈው በሁለቱም ዓይኖቼ ነው፤ ዕድሜ ለእትዬ። ከክሊኒክ በተመለስን ማግስት ቦቴው መጥቶ በርሜሉ ሞላ። እትዬ አንዱን ሰሃን አራቴ ሲያለቀልቁ ቆሜ አየሁ፤ ውሃውን የቀዳሁላቸው እኔ ነበርኩ።