አባቴና ወፍራሙ መስታወት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የአባቴን ልብስ ሻንጣ ውስጥ እየከተትኩ ነበር። ሰኞ ጅማ ሆስፒታል ልወስደው። ምክንያቱን ስነግራችሁ ትስቁብኝ ይሆናል... ያን ቀን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

አባቴ ታደሰ ይባላል። ጡረታ እስኪወጣ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አምና ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ፣ ንግግሩም ጠፋ። አእምሮው ግን ደህና ነው። ይህን በደንብ ያወቅነው አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሳምሶን ታብሌት ከላከለት በኋላ ነው። በግራ እጁ ሌባ ጣት ፊደል እየነካ ይጽፋል። ቀስ ብሎ... እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ እኔ ሽንኩርቱን ከትፌ እጨርሳለሁ። ግን ይጽፋል። «ሽሮው ቀጠነ» ይለኛል። «ለቅሶ ቤት ሄድሽ ወይ?» ይለኛል። ቤታችን እንደገና የሁለት ሰው ቤት ሆኖ ነበር።

ከአንድ ወር በፊት ታብሌቱ ከጭኑ ተንሸራቶ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። አልተሰበረም፤ ግን ደነገጥኩ። ለሳምሶን ስደውልለት «ይሄ ስክሪን ከተሰበረ እዚህም ለማግኘት መከራ ነው፣ እናንተ ጋ መቱማ አይታሰብም። ግላስ አስለጥፊለት» አለኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግን ሰው ጋ ሄድኩ። ሁለት ዓይነት መከላከያ አወጣልኝ። አንዱ ስስ ፕላስቲክ፣ ሌላው ወፍራም መስታወት። የቱ እንደሚሻል ግራ ገባኝ።

«ማን ነው የሚጠቀምበት?» አለኝ።

«አባቴ።»

«እሳቸው የቱን ይፈልጋሉ?»

«እሱ ይሄን ምን ያውቃል... ወፍራሙን አድርግልኝ» አልኩት።

ለጠፈልኝ። በጣቴ ሞከርኩት፣ ይሠራል። አንድ ሐሳብ ተቃለለ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ መጻፍ አቆመ።

መጀመሪያ ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ታብሌቱን ጭኑ ላይ አደርግለታለሁ፣ ጣቱን አንስቶ ይነካካል፣ ምንም አይወጣም። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን ብዬ እኔ ስነካው ወዲያው ይጽፋል። እንግዲህ ችግሩ እሱ ጋ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ጀመረው... የታብሌቱን ጠርዝ በጥፍሩ መፋቅ። ቀና ብሎ ያየኛል፣ መልሶ ይፍቃል።

ይህን ለሳምሶን ስነግረው «ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይሆን» አለኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ደግሞ «ብቸኝነት ነው፤ የሰው ድምፅ ይስማ» ብለው ሬዲዮናቸውን አምጥተው ራስጌው አስቀመጡለት። ጠዋት እከፍትለታለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። እየባሰበት ሄደ። ታብሌቱን ስሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር አመጣ። እሱ እንዳያየኝ ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን ነበር። በመጨረሻ ከሳምሶን ጋር ተመካክረን በበደሌ በኩል ጅማ የሚያደርሰን መኪና ለሰኞ ያዝን።

እና ቅዳሜ ዕለት ሻንጣውን ሳዘጋጅ ኦቦ ፈይሳ ሊጠይቁት መጡ። ከአባቴ ጋር መንገድ ሥራ የኖሩ ናቸው፤ አሁን እዚሁ አቅራቢያችን ሁሩሙ ነው ያሉት። አንድ ጣሳ ማር ይዘው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና «ታደሰ፣ ማል ታቴ?» አሉት። ምን ሆንክ ማለታቸው ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜም በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት።

አባቴ ወደ ታብሌቱ ጠቆመ። ሰጠሁት። ነካካው፣ ምንም የለም። ከዚያ ያንኑ ጠርዝ መፋቅ ጀመረ።

«አዩት ኦቦ ፈይሳ? ሕመሙ ይሄው ነው» አልኳቸው።

እሳቸው ግን የአባቴን ፊት ነበር የሚያዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሕመም አይደለም» አሉኝ። «ንዴት ነው። ግሬደሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልነሳ ሲለው ፊቱ እንዲህ ነበር የሚሆነው።» ጎንበስ ብለው የሚፍቅበትን ቦታ ተመለከቱ። «ይሄ መስታወት ድሮም ነበረበት?»

ይዤው የነበረውን ሸሚዝ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ጠርዙን በቢላ ጫፍ ከፍ አድርጌ ላጥኩት። የእኔ ጣት ጫን ስለሚል በመስታወቱ ላይም ቢሆን ይሠራል። የአባቴ ጣት ግን ደረቅ ነው፣ አቅምም የለውም፤ ከወፍራሙ መስታወት ሥር ያለው ስክሪን አይሰማውም። በቃ። ያ ሁሉ ሁለተኛ ስትሮክ ያልነው ይሄ ነበር። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ሙሉ «ይሄን ነገር አንሺልኝ» እያለኝ ነበር።

አባቴ ታብሌቱን ተቀበለኝ። ኦቦ ፈይሳም እኔም ጠበቅን። ፊደል በፊደል ወጣ...

«ሬዲዮኑን አጥፊው»

አጠፋሁት። ኦቦ ፈይሳ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ የቱን እንደማደርግ አላውቅም፣ ሳቁም ለቅሶውም አብሮ መጣብኝ። «ይቅርታ አባዬ፣ እንዳይሰበርብህ ብዬ ነው» አልኩት። እንደገና ጣቱን አነሳ። ይሄኛው ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«እኔ ዝም ከምል እሱ ይሰበር»

ሻንጣውን ፈታሁ። ለማንኛውም ብዬ ሰኞ እዚሁ መቱ ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት፤ አዲስ ነገር የለም፣ እንደነበረው ነው ተባልን። አባቴማ ካርዱ ላይ ያለውን የሐኪሙን ስም አጻጻፍ ሳይቀር በታብሌቱ ሲያርም ነው የዋለው።

ትናንት ሳምሶን በስልኬ በቪዲዮ ደውሎ የታብሌቱ ስክሪን ጥግ ላይ መጫሩን አየና ተቆጣኝ። «ስሱን ፕላስቲክ እንኳ አላስለጠፍሽም?»

«ባለቤቱን ጠይቄው ነበር... አልፈለገም» አልኩት።