በቅርጫት የተያዘው አረንጓዴ ቀሚስ

የከሚሴዋ ልብስ ሰፊ ረቢአ ከሰው ጋር ስታወራ መርፌዋን አታቆምም። ከስልክ ጋር ሲሆን ግን ሥራ ትፈታለች። «ስንት ነው?» የሚል መልእክት ሲመጣላት መነጽሯን አስተካክላ፣ ዋጋውን ከሰላምታና ከዱዓ ጋር ጽፋ ትመልሳለች። ጠያቂዋ አይታ ዝም ትላለች። ወዲያው ሌላዋ ትተካለች። ጥልፍ ቀሚሶቿን በቴሌግራም መሸጥ ከጀመረች ወዲህ ቀኑ በዚህ ያልቃል፤ አንድ የአንገት ጥልፍ እንኳ ሳይጋመስ ይመሻል።

ሲመርራት ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቶኮፒ ቤት ወዳለው ወደ ከማል ሄደች። ከማል ኮምፒውተር ያውቃል፤ ማወቁንም ያውቃል።

«እታለም፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ የኦንላይን ሱቅ ነው» አላት። «ፎቶው ከነዋጋው ይቀመጣል። ደንበኛ የወደደችውን ቅርጫት ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ ትከፍላለች። ያንቺ ድርሻ መስፋት ብቻ።»

ሦስት ዓይነት ፕሮግራም አሳያት። አንደኛው መጋዘን ይቆጣጠራል፣ ግብር ያሰላል፣ ሠራተኛም ያስተዳድራል። ረቢአ ሳቀች፤ የምታስተዳድረው አንዲት የስፌት መኪና ነው ያላት። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ማንም ገብቶ ማንነቱን ሳይናገር ቅርጫቱን ይሞላል። ሦስተኛውም ቀላል ነበር፣ ግን ቅርጫት ከመስጠቱ በፊት ስምና ስልክ ይጠይቃል።

«ይሄን ተይው» አለ ከማል። «ስም ሲጠየቅ ደንበኛ ይሸሻል።»

እሷም ሰውን ደጅ ላይ አቁሞ ማንነቱን መጠየቅ ነውር መስሏት ሁለተኛውን መረጠች። ማን ይፈርድባታል?

እዚህ ላይ ስለ እናቷ ካልነገርኩ ቀጥሎ የሠራችው ሥራ ሞኝነት ይመስላል። እናቷ ባቲ ገበያ ላይ ሽርጥ ትሸጥ ነበር። አፋሩ ጠዋት መጥቶ ሽርጡን ይመርጥና «ያዥልኝ» ብሎ ፍየሉን ሊሸጥ ይሄዳል። ስሙን አይነግራት፣ ቀብድ አያስይዝ። እሷ ግን ሽርጡን አጥፋ ከመቀመጫዋ ሥር ታደርገዋለች። ሌላው ዋጋ ጨምሮ ቢለምናት «የሰው ነው» ትላለች እንጂ አትነካውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ረቢአ ንግድ የተማረችው እዚያ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነው።

እናም ሱቁ በተከፈተ ሰሞን ስልኳ «አረንጓዴ የኒካህ ቀሚስ ቅርጫት ውስጥ ገብቷል» ሲላት ቀሚሱን ከግድግዳው አውርዳ፣ አጥፋ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ሰማያዊው ተከተለ፤ ከዚያ ባለወርቅ ጥልፉ። ክፍያ አልመጣም፤ «ፍየሏን እየሸጠች ይሆናል» ብላ ጠበቀች። ግድግዳው እየተራቆተ ሄደ። ምንም ሳይሸጥላት ደስ የሚላት ባለሱቅ ከሚሴ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች።

ከሰንበቴ ሀዲጃ የመጡት ይሄኔ ነው። ረቢአ ትዳሯን ፈታ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ ሰው ሁሉ ሲያማት፣ መጀመሪያ ጨርቅ አምጥተው «ስፊልኝ» ያሏት እሳቸው ናቸው። አሁን ልጃቸውን ሰዒዳን ሊድሩ ነው።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ ሀዲጃ! ግቡ፣ ግቡ» ብላ ረቢአ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለቻቸው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። ያችን አረንጓዴዋን አምጪልኝ። ልጄ በስልክ አይታት እንቅልፍ ነስታኛለች።»

የረቢአ ፊት ጠቆረ። «አዴ፣ እሷ የሰው ናት። ተይዛለች።»

«የማን?»

«አላውቃትም።»

«ያ ረቢ!» አሉ ሀዲጃ። «የማታውቂያትን ሴት ይዘሽ የምታውቂኝን ትመልሺኛለሽ?» ሻርፓቸውን አጣፍተው ወጡ። ሰላም በሉኝ ብትል ዞር አላሉም።

ከማል ታሪኩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። እንባዋን ሲያይ ነው ያቆመው።

«እታለም፣ የዚህ ቅርጫት እኮ ምኞት ነው። ከትተው ይረሱታል። እኔ ራሴ ስንት ጫማ ጥዬ ወጥቻለሁ! ካልታዘልኩ አላምንም ብላለች ሙሽራ፤ ገንዘቡ ሳይገባ ተሸጠ አይባልም።»

«እናቴ ስሙን የማታውቀውን ትጠብቅ ነበር።»

«እናትሽን ፊት ለፊት አይቶ ነዋ ያዥልኝ ያላት። እነዚህ መያዝሽን በምን ያውቃሉ?»

ረቢአ ስልኳን አወጣች። ቅርጫቶቹን ሁሉ በገዛ ጣቷ ባዶ አደረገች፤ አረንጓዴውን ቀሚስ ይዛ ሰንበቴ ወረደች። ሀዲጃ ትንሽ አኮረፉ፣ ከዚያ አቀፏት። ሰዒዳ ለብሳው ስትወጣ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ረቢአ በሚኒባሱ ስትመለስ ልቧ ቀልሎ ነበር።

በማግስቱ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከውጭ አገር ተደወለላት። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የሴት ድምፅ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ኡሚ እባላለሁ፤ የባቲ ልጅ ነኝ፣ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያቺን አረንጓዴ ቀሚስ ለእህቴ ኒካህ ብዬ ነበር። ደመወዜ እስኪመጣ ሥራ ስጨርስ እየገባሁ ቅርጫቴን አይ ነበር። ዛሬ ሰጡኝ፤ ብከፍት ባዶ ሆነብኝ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው አይደል? ይዘሽልኛል?»

ፕሮግራሙ ነው ያጠፋው ብትል ማን ያውቅባታል? ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይዤልሽ ነበር፣ እህቴ» አለች። «ትናንት ግን ለሌላ ሰጠሁት።»

«አብሽሪ» አለች ኡሚ። «ስሜን እንኳ አልነገርኩሽ፤ በምን ታውቂኛለሽ?»

ብትቆጣት ይሻል ነበር። ረቢአ ከአረንጓዴው ጨርቅ የተረፈ እንደሌለ፣ ያኛውን የሚመስል ቀሚስም እንደማይገኝ አልደበቀቻትም። «ግን ከፈቀድሽ ሌላ እሰፋልሻለሁ» አለቻት። ኡሚ ፈቀደች።

ጠዋት ከማል በሩን ሲከፍት ረቢአ ቀድማው ደጁ ላይ ቆማለች።

«ስም የሚጠይቀውን ክፈትልኝ።»

«እታለም፣ ነገርኩሽ እኮ፤ ይሸሹሻል።»

«ይሽሹ። የሚቀሩትን ላውቃቸው።»

ተከራከራት፤ አልሆነለትም። ፕሮግራሙን ቀይሮ ሲጨርስ ስልኳን ሊሰጣት እጁን ዘረጋ። አልተቀበለችውም።

«መጀመሪያ ኡሚ ብለህ ጻፍ» አለችው።

ጻፈ። «ዕቃውስ? ፎቶው የታለ?»

«ገና አልተሰፋም» አለች ረቢአ። «ተይዟል በል።»