በምስጢር የሚሸጥ ቤት

አያቴ ቤታቸውን ሊሸጡ ሲነሡ አንድ ሕግ አወጡ፤ ማንም እንዳይሰማ።

«ያላለቀ ነገር አይወራም፤ የሰው ዓይን ይበላዋል» አሉኝ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አያቴ ብቻቸውን ስለሚኖሩና ዕብራይስጥ የምጽፍላቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ቤት የመሸጡ ሥራ በኔ ላይ ወደቀ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን በምን ልሽጠው? ደላላ አይገባም፣ ደላላ አፉ አያርፍም። በረንዳው ላይ ማስታወቂያ አይሰቀልም፣ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል። ኢንተርኔት ላይ ላውጣው ብዬ ስለምናቸው ፈቀዱ፤ የመንገዱ ስም ግን እንዳይጻፍ፣ ፎቶውም ከውስጥ ብቻ እንዲነሣ። ማስታወቂያውን መልሼ ሳነበው የሰረቅነውን ቤት የምንሸጥ ይመስል ነበር።

የሚሸጡት በጉልበታቸው ምክንያት ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ማዓሊት፣ አሳንሰር ማለቴ ነው፣ የለውም። ሰንበት ጠዋት ከጸሎት ቤት ሲቀሩ ለጠያቂው ሁሉ ጉንፋን ይዞኛል ይላሉ። በነሐሴ ሐሩር ጉንፋን። ከጸሎት ቤቱ ማዶ ደግሞ አንዲት መበለት የምድር ቤት መኖሪያቸውን ትተው ቤርሼባ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነበር። ለአያቴ ቃል ሰጥተዋቸዋል፤ እስከ ሱኮት፣ እስከ ዳሱ በዓል ድረስ እጠብቅዎታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለመጣው እሸጠዋለሁ ብለው። አያቴ የራሳቸውን ሳይሸጡ ያንን መግዛት አይችሉም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መቀመጥ ያቅተኝ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይመጣል። እያለከለከ ይወጣል፣ ሦስቱን ክፍል ያያል፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ማዶ በአዲሱ ሰፈር በካርሜ ጋት የሚወጡትን ፎቆችና ክሬኖቹን ያያል። እዚያ ማዓሊት እንዳለ ይነግረናል፣ እኛ የማናውቅ ይመስል። ከዚያ «እናስብበታለን» ብሎ ይወርዳል። እናስብበታለን ማለት አንመለስም ማለት እንደሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተማርኩ። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ወለሉን እጠርጋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ወለሉን እንደገና እጠርጋለሁ። አያቴ «አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ልትጨርሺው ነው፣ ተቀመጪ» ይሉኛል፤ እሳቸውም ራሳቸው አሥር ጊዜ ይነሣሉ።

ከሁሉ የከበደው የፊት ለፊቱ በር ነበር። እዚያ የሚኖሩት ሽማግሌ ከአያቴ ጋር ዐሥራ አምስት ዓመት ተጎራብተዋል። ሁለቱም የጎንደር ሰው ናቸው፤ በራቸው ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ አንተ ትብስ አንተ ትብስ ሲባባሉ ነው ያደግኩት። አሁን አያቴ በራቸውን ይዘጋሉ። ጎረቤታቸው ሲያንኳኩ፣ ተኝተዋል በያቸው ይሉኛል። ሰው ሲመጣ ደግሞ ሠራተኛ ነው በያቸው።

አንድ ቀን ሜትር የያዙ ወጣት ባልና ሚስት መጡ። ደረጃው ላይ ጎረቤታችን አገኟቸው። እኔም ደንግጬ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን የውኃ ማሞቂያ ሊጠግኑ የመጡ ናቸው አልኩ። ጎረቤታችን ደስ አላቸው፤ የሳቸውም ማሞቂያ ለካ ያንጠባጥባል። ባልየውን እጁን ይዘው ጣሪያ ላይ አወጡት። ሰውየው ጨዋ ስለነበረ አብሯቸው ወጣ። ሚስትየዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ቆየች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጁ ዝገት ነክቶት ወረደ፤ እናስብበታለን አለን።

ከዚህ በኋላ አላስቻለኝም። ለአያቴ ሳልነግራቸው በአማርኛ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፤ ለሰው የሚነበብ ነገር ግን ጽፌ አላውቅም ነበር። አምስት ጊዜ ገለበጥኩት። «ባለ ሦስት ክፍል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ነፋሻ፣ ጎረቤቱ መልካም» ይላል፤ ከሥሩ ስልኬ። የሰፈራችን ቅመማ ቅመም ሱቅ ግድግዳ ላይ ከበርበሬው ጆንያ በላይ ለጠፍኩትና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። አድራሻ የለውም፣ ስም የለውም፣ ማን ያውቀዋል አልኩ። ባለሱቁ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንደሚያውቅ አላሰብኩም።

ማንም አልደወለም። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኩታ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤታችን። ትንፋሻቸው አላናግር ስላላቸው መጀመሪያ ውኃ ሰጠኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ከጠጡ በኋላ የመጡት ለእርቅ መሆኑን ተናገሩ።

አያቴ ግራ ገብቷቸው «ከማን ጋር?» አሉ።

ጎረቤታችን ከበሩ መድረክ አላለፉም። «ምን አጠፋሁ?» አሉ። «በር ዘጉብኝ። ሳይተኙ ተኝተዋል ተባልኩ። አሁን ደግሞ ቤት ሸጠው ሊሄዱ ነው።» እስከዚያ ድረስ ግን አንተ ነበር የሚባባሉት።

ትልቁ ሽማግሌ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ የኔ ማስታወቂያ ነው። ቃል በቃል አነበቡት። «ጎረቤቱ መልካም ይላል። መልካም ከሆነ ለምን ትሸሸዋለህ?»

አያቴ ዞር ብለው አዩኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ጽሑፌ በዚያ ድምፅ ሲነበብ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ ገሠጹ፣ ሳትታረቁ አንወርድም አሉ። ጎረቤታችን በሩን እንደተደገፉ ናቸው። እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ ብርጭቆ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። የአያቴ ጉልበት ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ የሳቸው ነገር ነውና።

በመካከሉ ደረጃው ላይ የዱላ ድምፅ ተሰማ። ለካ ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስተኛው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀርተዋል። የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡና ባገኙት ወንበር ላይ ወደቁ።

«ይህን ደረጃ በየቀኑ የሚወጣ ሰው» አሉ፣ «ሌላ ጠላት ምን ያደርግለታል?»

አያቴ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አላቆመም፤ ሲያቆም ግን እንዲህ አሉ፦ «ጉልበቴ ነው። አልቻልኩም። አራት ሰንበት የቀረሁት በጉንፋን አይደለም።»

ከኔ በቀር ለማንም ብለውት አያውቁም ነበር፤ ለናቴም ጭምር። ጎረቤታችን መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ይህን ከኔ ነው የምትደብቀው? አዝዬ አወርድህ ነበር።»

«አንተን ማን አዝሎ ሊያወርድህ?»

በዚያው ታረቁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን የሚያሳዩት ጎረቤታችን ሆኑ፤ ፊት ለፊቴ የሚኖረውን እኔ ካልመረጥኩ ማን ይመርጣል ብለው። የመጣውን ሁሉ ይመረምራሉ። ሰንበት ሙዚቃ ይከፍት እንደሆነ፣ ሰው ሰላም ይል እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንዱን ውሻ ስላለው መለሱት፤ ሌላውን አተያዩ አላማረኝም አሉ። ለሱኮት ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር፤ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

በመጨረሻ እኚያ ሦስተኛው ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ላኩ። በኢንዱስትሪ ቀጠናው በፈረቃ የሚሠራ፣ በቅርቡ ያገባ ልጅ ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣና ሳያለከልክ ሰላም አለን። ጎረቤታችን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ከባድ ዕቃ ትሸከማለህ?» አሉት። «ሲያስፈልግ» አላቸው። ወደ አያቴ ዞረው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሉ ጠበቃ ዘንድ የተፈረመው ሱኮት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

አያቴ ምድር ቤቱን ገዝተው በገቡ በመጀመሪያው ሰንበት እኔም እዚያ አድሬ ነበር። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነጫቸውን ለብሰው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው፣ ሁለት መንገድ ተሻግረው አያቴን ደግፈው ጸሎት ቤት ሊያደርሷቸው መጥተዋል።

ሄደዋል አልኳቸው። ገና ሳይነጋ ነው የተነሡት፤ ብቻቸውን ነው የተሻገሩት።

«ሳይነግረኝ?» አሉና ኩታቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏቸው።