ቅቤ ውስጥ የደበቅሁት ቅባት

እናቴን ግማሽ ራሷን ያማት ነበር። ከዳሞታ ተራራ ላይ ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ፍንትው ስትል ይጀምራታል፤ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥፍር አድርጋ ታስርና ጨለማው ጓዳ ገብታ ትተኛለች። ቤተሰቡ ሁሉ በጥፍሩ ይራመዳል። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ነፋስ የእንሰቱን ቅጠል ሲያርገበግበው ስሰማ፣ እናቴ ውኃ ውስጥ የሰጠመች፣ እኔም ከዳር ሆኜ የምጠብቃት ይመስለኝ ነበር። ዳማከሴ ተጨምቆላታል፣ ዋግምት ተደርጎላታል፣ ጠበል ተረጭታለች። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሶዶ ውስጥ ያልሞከርንላት ነገር አልነበረም።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት የወላይታ ሴት ነበረች። ቅቤ የምታመጣልን እሷ ናት፤ አባቴ ከሰሜን የመጣ ሹም፣ እሷ የአገሬው ሰው ብትሆንም ከእናቴ ጋር ሲያወጉ ይውሉ ነበር። ኋላ ወንጌል ሊሰብኩ ሶዶ የመጡ ፈረንጆች ያመጡትን እምነት ተቀበለች። ጠጅ ተወች፣ መሐላ ተወች፤ ይባስ ብላ ውሸትም ተወች ተባለ። እናቴም በበኩሏ ጸረ ማርያም ብላ ቅቤዋንም ሰላምታዋንም ተወች።

አንድ ቀን ይህችው ሴት የእናቴን ሕመም ሰምታ፣ ከፈረንጆቹ ሐኪም ቤት ያገኘችውን ትንሽ ክብ ቆርቆሮ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። ውስጡ ነጭ ቅባት ነበር፤ ሜንቶል ያለበት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ግንባሯንና ጆሮ ግንዷን ቀቢያት አለችኝ። እናቴ ክዳኑን እንኳ ሳታስከፍት፣ የምን አውሬ ስብ እንደሆነ ማን ያውቃል፣ የካደች ሴት የላከችውንስ ራሴ ላይ አላደርግም፣ ጣይው አለች።

አልጣልኩትም። እልኸኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ።

በወሩ ማርያም ዕለት ራሷን ለጋ ቅቤ እንድቀባት ጠራችኝ። ከቆርቆሮው በጣቴ ዝቄ ከቅቤው ጋር ለወስኩት። ጠጉሯን ከፍዬ አናቷን፣ ግንባሯን፣ ጆሮ ግንዷን በቀስታ አሸሁላት። ዓይኗን እንደጨፈነች ምን ይሸታል አለችኝ፤ ምንም አልኳት። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ፤ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጓዳው በዚያ ቀዝቃዛ ሽታ ተሞላ። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እስካሁን አላውቅም፣ ግድግዳው እየራቀ፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ በደጃፉ ቀስ ብሎ ሲገባ አየሁት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ሰላም ቤታችን ውስጥ አላውቅም ነበር።

ስትነቃ ፊቷ በርቶ ነበር። ነጭ የለበሰች ሴት መጥታ ግንባሯን በእጇ እንደዳሰሰቻት፣ ሽታዋም የዚህ ምድር ሽታ እንዳልነበር ነገረችኝ። እመቤቴ ማርያም ናት አለች፤ እዚያው ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ተሳለች። እኔ ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ሕመሟ ተመልሶ ይነሣባታል፤ ዝም ብል በእመቤታችን ስም መዋሸቴ ነው። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ራሷን በቀባኋት ቁጥር እየተሻላት፣ ተአምሩን ያልሰማ የሰፈር ሰው ጠፋ።

ጎረቤታችንም ሰማች። ከዓመት በላይ ያልረገጠችውን ደጅ አንድ ከሰዓት ረግጣ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት አለች። እናቴ ደስታዋ ቂሟን አስረስቷት አስቀመጠቻት፤ ደግሞም ልትረታት ፈልጋለች። ራሷን ጎንበስ አድርጋ፣ በይ አሽትቺ አለቻት። ሴትዮዋ አፍንጫዋን ጠጉሯ ውስጥ ቀብራ አሸተተች። ቀና ስትል እኔን አየችኝ። ይህች ሴት አትዋሽም፤ አሁን ትናገራለች፣ እናቴም ወደዚያ ጨለማ ትመለሳለች።

«ፍረጂ እስቲ፣» አለቻት እናቴ። «ይሄ የማን ሥራ ነው?»

ሴትዮዋ የእናቴ ስለትም፣ ጥላውም ለማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ያንን ምስጋና በዝምታ ማሳለፍ ለአዲሱ እምነቷ ቀላል ነገር አልነበረም።

«እሜቴ፣ እግዜር ነው» አለች በመጨረሻ። «በማን እጅ እንደላከው እኔ አልጠይቅም። እርስዎ ብቻ ይዳኑልኝ።»

እናቴ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ሴትዮዋ ስትወጣ እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ አየሽ፣ አፏን አስያዝኳት አለችኝ። እስክትሞት ድረስ እንደረታቻት ታምን ነበር። እኔ ግን ሴትዮዋን ልሸኝ ብዬ ወጥቼ፣ እንሰቱ መሐል ስትደርስ እጇን ይዤ አለቀስኩ።