ከቤሩት እስከ ጆሃንስበርግ በክር

ልጅ እያለሁ ገርጂ ከቤታችን በላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። በየአጥሩ ግንባታ ስለነበር ያልታጠበውም የታጠበውም ልብሳችን ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። ታላቅ እህቴ ሰናይት ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ወንድሜ ግርማ ደግሞ ጆሃንስበርግ ይነግዳል። ለእናቴ ሁለቱም ያው «ውጭ» ነበሩ፤ ውጭ ደግሞ አንድ ሰፈር።

ግርማ ታሞ ሆስፒታል መግባቱ እንደተሰማ እናቴ ሰናይትን በስልክ «ነገውኑ ሄደሽ እዪልኝ» አለቻት። ሰናይት እያለቀሰች «እማዬ፣ ሩቅ እኮ ነው፤ ፓስፖርቴም አሠሪዎቼ ጋ ነው» ብትላት አላመነቻትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የእኛው ጎረቤት ጋሽ ታደለ ግን ቤታችንን አመሱት። አንዴ ዱባይ ሄደው ጫማ አምጥተው ስለሸጡ ስለ ውጭ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ዛሬም አንቱ ማለቴ ራሱ ያናድደኛል። እግራቸውን አነባብረው «ከቤሩት ጆሃንስበርግ ማለት እኮ ከዚህ ኦሎምፒያ ነው፤ ተሳፍሮ መውረድ። ልጅቷ ልቧ ደንድኖ ነው» አሏት።

ካርታ ላይ ርቀት መለካት የተማርነው በዚያው ሰሞን ነበር። ከእናቴ የልብስ ስፌት ዕቃ ክር ወስጄ፣ የክፍሌ ልጆች ለምሳ ሲወጡ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ካለው ካርታ ፊት ቆምኩ። ክሩን ከቤሩት እስከ ጆሃንስበርግ ወጠርኩት፤ በሱዳን በኩል፣ በእኛ ጎን አለፈ። በካርታው መለኪያ ሳሰላው ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በለጠ። ሁለቱም ለእኛ ይቀርባሉ እንጂ እርስ በርስ አይቀራረቡም።

እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ስናገር ጋሽ ታደለ እዚያው ተቀምጠው ነበር። «አውሮፕላን በክር ነው እንዴ የሚሄደው?» ብለው ሳቁ። እናቴም «ዝም በይ አንቺ፣ አገር ካየ ሰው ልትበልጪ ነው?» አለችኝ። ሰናይት እንደገና ስትደውል እናቴ አላነሳም ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። «እማዬ የለችም» አልኳት። እናቴን ግን አጠገቤ ሆና ሳል ያዛት፤ ሰናይትም ሳሏን በስልኩ ሰምታለች። «እሺ፣ ደውላ ነበር በያት» ብላ ዘጋች። ግርማ ድኖ ከወጣ በኋላም እናቴ ስልኳን ሳታነሳላት ከረመች።

ዛሬ ርቀቱን ስልክ በአንድ አፍታ ያወጣዋል። ለእናቴ አሳይቻት አውቃለሁ፤ መነጽሯን አድርጋ አየችና «አለፈ እኮ፣ ምን ያደርጋል» አለችኝ። ለማን ነው ያለፈው? ግርማ አገር ቤት ተመልሶ የካ አባዶ ቤት ይዞ ለበዓል ብቅ ይላል። ሰናይት ወገቧን አሟት ተመለሰች፤ አልጋ የያዘች እናታችንን የምታገላብጠውም የምታጥበውም እሷ ናት። ጠያቂ መጥቶ «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጥሽ ነው የሚባለው» ሲላት እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። «ለወንድሟ ያልሆነችውን ለእኔ እየካሰች ነው» ትላለች።

ሰናይት ብርድ ልብሱን ታስተካክልላታለች። እኔ የታመመ ሰው ላይ እንዳልጮህ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ።