የተዘራ መርዶ

አባቴ ውባየሁ አናጢም ወታደርም ነበሩ። ሐረር ሠራዊቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግሉ ጠመንጃ ከያዙበት ቀን መጋዝ የያዙበት ይበዛል። ኦጋዴን ሲዘምቱ ለቁስለኛ ቃሬዛ፣ እግሩ ለተቆረጠ ክራንች፣ ለመኮንን ጠረጴዛ ይሠሩ ነበር። ጦር ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነውና፣ የሠሩት ሁሉ ተነቅሎ የሚታሰር፣ ሲደርሱ ደግሞ የሚገጠም ነው። ሚስማር አይወዱም። በወይራ ሽብልቅ ነበር የሚያያይዙት። "ሚስማር የሰነፍ ነው፤ አንዴ ከመታኸው አይመለስም" ይሉ ነበር።

ጡረታ ወጥተው ጎንደር ከገቡ በኋላ ታናሽ ወንድሜን ተዘራን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከእኔና ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሌላው አባት ልጁን ጫካ ይደብቃል። አባቴ ግን "እኔም ሄጄ ተመልሻለሁ" አሉ። እናቴ ይህን ቃል እስክትሞት ይቅር አላለቻቸውም።

በሦስተኛው ዓመት ከኤርትራ ግንባር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። በእኛ ደንብ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለአባት አይሰጥም። ሽማግሌዎች ይዘውት ያድሩና ጎህ ሲቀድ መጥተው በር ይመታሉ። አባቴ ከፍተው ሲያዩዋቸው ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። "ተዘራ ነው" አሉ ራሳቸው፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አለቀስን። ተዝካሩንም አወጣን። አንዴ መርዶው ከተረዳ፣ የሞተን ሰው ካሉት ጋር መቁጠር በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ስለዚህ፣ ቤተ እስራኤል ነንና አዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመምጣት ስንመዘገብ፣ ጸሐፊው ስንት ልጅ አለዎት ቢላቸው፣

"ሁለት ወለድኩ። አንዷ ይህችው ናት። አንዱ ሞቷል" አሉ።

ደብዳቤውን ሰጡት። ፈረሙ። ሌሎች የእህት የወንድማቸውን ልጅ ሳይቀር ልጄ ነው እያሉ ያስመዘግቡ ነበር። አባቴ ግን የጦር ሜዳ ሪፖርት የሚሰጡ ይመስል እውነቱን ተናገሩ።

ረሆቮት በገባን በሁለተኛው ዓመት ከጎንደር የመጣ ሰው ካሴት አመጣልን። ቂርያት ሞሼ ሰፈር ባለችው ቤታችን ቁጭ ብለን ከፈትነው።

"አባዬ፣ ተዘራ ነኝ። ተማርኬ ነበር እንጂ አልሞትኩም። ቤት ስደርስ ሄዳችኋል አሉኝ። በአስራ ሁለት ቀን ቀደማችሁኝ።"

እናቴ ወደቀች። አባቴ ግን አላለቀሱም። ካሴቱን ሦስት ጊዜ መላልሰው ሰሙና "እኔ ነኝ የገደልኩት፤ እኔው አስነሳዋለሁ" አሉ።

በማግሥቱ ተዘራን ለማስመጣት የመንግሥት ቢሮ መመላለስ ጀመሩ። ስንት ሰው ተቀያየረ፣ ስንት ወረቀት ጠፋ! ማኅደሩ በተከፈተ ቁጥር ተዘራ ሙት ነው። ጎንደር ያለው ሰውዬ በሟች ስም የሚነግድ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ይሉናል። አንድ ጊዜ ልጄ ኖጋ ልታስተረጉም አብራን ገባች። ጸሐፊዋ ሬቪታል ትባላለች፣ ክፉ ሴት አልነበረችም።

"ሳባ፣ ሞቷል ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት ትላለች" አለች ኖጋ፤ አያቷን በዕብራይስጥ ሳባ ትላቸዋለች።

"እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው በያት።"

"ደብዳቤም አለ ትላለች፣ የጦሩ ማኅተም ያለው። አልሞተም የሚል፣ ያው ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያምጡ ነው የምትለው።"

አባቴ ሳቁ። "ልጄ፣ ያ ጦር እኮ ፈርሷል! ማኅተሙን ከየት ላምጣው? አናጢ ነኝና ልቅረጽላት?"

"ቤሰደር ሳባ፣ እሺ ሳባ፣ ዝም ይበሉ" አለች ኖጋ፣ ፊቷ ቀልቶ። ይህን አልተረጎመችም።

ቤኤር ያዕቆብ በምትባል ከተማ ዚቭ የሚባል ሰው የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ነበረው፤ አባቴ እዚያ ይጠርጉና ጣውላ ያጣብቁ ነበር። "ይህ እንጨት አይደለም፣ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው" ይሉታል ዚቭን በአማርኛ፤ ዚቭም ሳይገባው ይስቃል። ከፈረሰ አሮጌ ቤት ደህና የጣራ ወራጅ ሲያገኝ ግን ለእሳቸው ያስቀምጥላቸዋል። በዚያ እንጨት ለተዘራ አልጋ ሠሩ። ከጎንደር ሰው የጫነ አውሮፕላን ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ሳሎን ውስጥ ይገጥሙታል። ቤቱ ጠባብ ነውና ወሬው ሲቀር ይነቅሉታል። ከሰባት ጊዜ በኋላ መቁጠር ተውኩ። በኋላ በኋላ አቅም ሲያንሳቸው ሽብልቁን የምመታላቸው እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻ አንድ ጠበቃ የደም ምርመራ እንዲፈቀድ አመለከተልን። አባትና ልጅ ደማቸው ከታየ ክርክር የለም አለ። ፈቃዱን ስንጠብቅ ክረምቱ ገባ፤ አባቴ ሳንባቸውን ታመው በዘጠኛው ቀን አረፉ። ዘጠና ዓመታቸው ነበር። ፈቃዱ ከቀብራቸው በኋላ መጣ። ጠበቃውን "የእኔን ደም ውሰዱ" አልኩት። "የእህት ደም እንደ አባት አይታመንም፤ አመልካቹም አባትየው ነበሩ" አለኝ።

ተዘራ ዘወትር ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ይደውላል። ለሐዘን ሰባቱን ቀን ተቀምጠን ሳለን ደወለ። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶታል። ደረጃው ላይ ወጥቼ "አባዬ አሞኛል ብለው ተኝተዋል" አልኩት። በሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ። በሚቀጥለውም። ምን ላድርግ? "አባዬ እስካሉ ድረስ ነው የምጠብቀው" ይለኝ ነበር። ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎንደር ሆነው በር የሚመቱ ሽማግሌዎቻችን ሁሉ እዚህ መጥተው አልቀዋል።

አክስቴ በቀለች ስዋሸው ስትሰማ ቆየችና፣

"አንቺ ሴት፣ ለሕያው መርዶ አረዳን፤ አሁን ደግሞ ሙት ልትደብቂ ነው? ወንድምሽን ስንት ጊዜ ነው የምንበድለው?" አለችኝ።

በአምስተኛው ዓርብ ነገርኩት። ደንቡ እንደማይሆን ባውቅም፣ ስልኩን ይዤ ቁጭ በል አልኩት። ተቀመጥኩ አለኝ። ነገርኩት።

ይጮሃል ብዬ ነበር። እሱ ግን በቀስታ፣

"እትዬ፣ እንግዲህ ሕያው ነው የሚለኝ ማን ቀረ?" አለ።

"እኔ አለሁ! እኔ አለሁልህ!" አልኩት። ጩኸቴን ጎረቤት ሰማ። የእኔ ቃል የትም እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፤ ጠበቃው ስለ እህት ደም ያለውን፣ ሞታቸውን ሳልነግረው፣ ራሴ ነበርኩ "አንድ ሰው እንዲህ ገጠመው" ብዬ የነገርኩት።

"ሰላማዊ ሰንበት ይሁንልሽ" ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓርብ አለፈ። አልደወለም። እኔ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል ይላል። ኖጋ "ኔትወርክ ይሆናል እማ" ትላለች። ይሁን እላታለሁ። ሰው በሞተ ጊዜ እንዴት እንደሚለቀስ አውቃለሁ። አሁን ግን ላልቅስለት ወይስ ልጠብቀው አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም።