ጉማሬው በሰው ሲሠራ

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነው የምንላት። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ሰው አልነበረም፤ የምናየው በቀበሌው አዳራሽ ነው። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከውይይቱ በኋላ ዘበኛው ኮቱን ቆልፎ በክብር ይከፍተዋል። መጀመሪያ ስለ ምርት ዘመቻና ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሴራ እንሰማለን። ከዚያ ጉማሬው ይመጣል። እውነቱን ልናገርና፣ ኢምፔሪያሊዝምን ያን ያህል ጸጥ ብለን ያዳመጥነው ለጉማሬው ስንል ነው።

ጉማሬው የካርቱን ጉማሬ ነው። ከአንዱ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ተከታታይ ፊልም ነበር፤ ከየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮፍያ ያደርጋል፣ ሻንጣ ይይዛል፣ የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ ይሰበራል። ከጎኑ የማትለይ አንዲት እግረ ረጅም ሽመላ አለች፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ትቆጣዋለች። ሁለቱም ሲያወሩ ይውላሉ፤ ቋንቋቸውን ግን ከሰፈሩ አንድም ሰው አይሰማም። ታዲያ እንዴት እንዲህ ወደዳችሁት ብትሉኝ፣ በአክስቴ ምክንያት ነው።

አክስቴ፣ እኔ እቴቴ ነው የምላት፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለነበሩ ፈረንጆች ምግብ ስታበስል ኖራ፣ ፈረንጆቹ ሲሄዱ እኛ ቤት የገባች ሴት ናት። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ አፍ ግን፣ አቤት አፍ! ሰፈሩ «የፈረንጅ ርዝራዥ» ይላት ነበር። በዚያ ዘመን ርዝራዥ መባል ቀልድ ብቻ አይደለም። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያድል «ርዝራዥ ወደ ኋላ!» ይሏታል፤ እየሳቀች ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቤት ስትገባ ግን ድስቱን የምታስቀምጥበት አኳኋን ሌላ ነው። እናቴ «ተይው እንጂ፣ ሲቀልዱ ነው» ትላታለች። እሷ መልስ አትሰጥም፤ ድስቱ ይመልሳል።

ጉማሬው መጀመሪያ የታየ ዕለት፣ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ የሚቀናቸው አንዲት አሮጊት «ማል ጄዳ? ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። ከኋላ አንዱ ባለጌ፣ «ርዝራዧ አለች አይደል፣ የፈረንጅ አፍ ታውቃለች፤ ትንገረና!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እቴቴ ብድግ አለች። እኔ ልትሳደብ ነው ብዬ ቀሚሷን ይዣለሁ። እሷ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በወፍራም ድምፅ፣ «ከቆቃ ሐይቅ ነው የመጣሁት፤ ቤት የሚሰጠኝ ቀበሌ አጣሁ» አለች። ልክ በዚያው ቅጽበት ጉማሬው ወንበር ሰብሮ ወደቀ። እቴቴ ጭንቅላቷን ይዛ በኦሮምኛ «ማል ና ወያ!» አለችለት። ምን ይሻለኛል ማለቱ ነው። አሮጊቷ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴቴ ተርጓሚያችን ሆነች። ወንበሯ ከፊት፣ ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ ነው። በእሷ ትርጉም ጉማሬው ብዙ ተንከራትቶ ናዝሬት ላይ የቀበሌ ቤት ተሰጠው፤ ሽመላዋ ጎረቤቱ ናት፤ ቁጣዋ የፍቅር ነው። ሊቀመንበሩ ቤት መሰጠቱን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። ቀበሌያችን ያለ ደጅ ጥናት ቤት ሲሰጥ ያየነው ያኔ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የጉማሬው ኮፍያ ቀይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እቴቴ ነግራናለች። «ማል ና ወያ» የሰፈሩ አፍ ሆነ። ባለጋሪ ጎማው ሲተነፍስበት፣ ተማሪ ፈተና ሲወድቅ፣ ሁሉም ጭንቅላቱን ይዞ «ማል ና ወያ!» ነው። በስኳር ሰልፍ ላይም «እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ተጀመረ። ርዝራዥ የሚላት ጠፋ። ድስቱም በሰላም መቀመጥ ጀመረ።

እቴቴ ግን ከወጥ ቤት ቃል በስተቀር የፈረንጅ ቋንቋ አታውቅም። ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ አመሰግናለሁ፤ ሌላ አንድ ደግሞ እጃቸው ሲቃጠል የሚሉት ስድብ። ይህን የምናውቀው እኔና እናቴ ነን። የሚጠረጥር ሰው ቢኖር ሰፈራችን ተከራይቶ የሚኖረው ወጣቱ የእንግሊዝኛ መምህር ብቻ ነበር። የናዝሬት ነፋስ አንቴናውን ሲያዞረው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀረው የተፈጨ ጤፍ የመሰለ ነገር ነው፤ ድምፁም ይሞታል። እቴቴ ግን አታቋርጥም። አንድ ቀን መምህሩ ተነስቶ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፤ ምስሉም ድምፁም የለም እኮ፤ ምኑን ነው የሚተረጉሙት?» አላት። እቴቴ ዞር ብላ ሳታየው «ለለመደ ጆሮ ይሰማል» አለችው። አዳራሹ ሁሉ «ዝም በል! እንስማበት!» ብሎ አስቀመጠው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ወሬው የመጣው። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አዲስ ሥዕል ተሰቀለ፤ ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ሰውዬና አንዲት ቀጭን ሴት። ከሥሩ «ጉማሬው፤ አሁን በእውነተኛ ሰዎች!» ይላል። ሠዓሊው ጉማሬውን እንደኛው በጥቁርና ነጭ ስላየው፣ ሰውየውን አረንጓዴ አድርጎ ቀብቶታል።

ወይ ጉድ! ሰፈሩ አበደ። ጉማሬ እንዴት በሰው ይሠራል? ቆቃ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ጎረቤታችን እውነተኛ ጉማሬ ካሜራውን ከነባለቤቱ ይገለብጠዋል ብሎ ማለ። ወለንጪቲ ያሉ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ለገበያ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ጉማሬው ነው። የወንጂ አገዳ ቆራጮች ደግሞ ጉማሬ በሌሊት አገዳቸውን ስለሚበላባቸው ስለ ጠባዩ የሚያውቅ እኛ ነን ብለው ድርቅ አሉ። «ሰው እንዲህ አድርጎ ማዛጋት አይችልም» አለ አንዱ፤ አፉን ከፍቶ እስኪያሳየን ድረስ አለቀቀንም።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ «ልዩ ልዩ ጉዳይ» ሲባል አንድ እጅ ወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጉማሬውን ማን ነው የሚሠራው?» ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው!» ብሎ ደብተሩን ዘጋና፣ «ግን እንደ እኔ እንደ እኔ፣ እንደ ባለሥጋ ቤታችን ያለ ሰው ካልሆነ አይሆንም» አለ። በጭብጨባ ጸደቀ።

ባለሥጋ ቤቱ በሰፈሩ ወፍራሙ ሰው ነው። መጀመሪያ ተቆጣ፤ «እኔን ከአውሬ ጋር!» አለ። በማግስቱ ግን ቢላዋ እየሳለ በወፍራም ድምፅ ሲያጉረመርም ሰማነው። ከዚያ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ቀይ ኮፍያ አድርጎ መጣ። ሥጋ የሚገዙ ሁሉ «ጋሼ ጉማሬ፣ ከሽንጡ» ማለት ጀመሩ፤ ፊቱን እያኮሳተረ ከሽንጡ ይጨምርላቸዋል። እኔ ራሴ ለዚህ ስል ሥጋ ልላክ ብዬ ተሟግቻለሁ።

ሁሉም እንዲህ ሲፈነጥዝ እቴቴ ብቻ ምግብ አቆመች። ነገሩ የገባኝ መምህሩ ውሃ ሊቀዳ ቧንቧው ጋ ቆሞ ሲያወራ ስሰማው ነው። «ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው የተሠራው። እኔ ቁጭ ብዬ ቃል በቃል እተረጉምላችኋለሁ» ይላል፤ ለሰፈሩ ውለታ የሚውል መስሎት። ሮጬ ሄጄ ለእቴቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር። የጨመቀችውን አንሶላ መልሳ ውሃ ውስጥ ከተተችው።

«አለቀልኝ» አለች። «ነገ እሁድ አንድ ቃል ሲተረጉም ይነቃብኛል። ከዚያማ ርዝራዥ ብቻ አይሉኝም፤ ቀጣፊ ርዝራዥ ነው የሚሉኝ።»

እናቴ «ኧረ አይሉሽም!» አለች፤ ድምፅዋ ግን አላመነበትም።

እቴቴ ወዲያው ጓዟን መቋጠር ጀመረች። አቦምሳ የሩቅ ዘመድ አለችን፤ «ታማለች» አለች። ዘመዳችን እንደ በሬ ጤነኛ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። እሁድ ጠዋት አውቶብስ ልትይዝ ጓዟን አንጠልጥላ በሩን ስትከፍት ግን ደጃፋችን ላይ ጋሪ ቆሟል። ፈረሱ ጆሮው ላይ አበባ ተደርጎለታል። ባለሥጋ ቤቱ ቀይ ኮፍያውን አድርጎ ከጋሪው ወረደ። አሮጊቷም ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ የፊት ወንበር ይዘንልዎታል!» አላት ባለሥጋ ቤቱ። «ጓዝዎን እኔ ልያዝ። ለሽመላዋ ስጦታ ነው?»

ምን ትበል? «አዎ» አለች ምስኪን። እኔም አጠገቧ ወጣሁ።

ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሏል። ወንጂዎቹ በጭነት መኪና ተጭነው መጥተው አገዳ እየመጠጡ ነው። መብራቱ ጠፋ፤ ፊልሙ ተጀመረ፤ በከለር! ከዚያ ሆዱ ላይ ትራስ ያሰረ ሰውዬ ብቅ አለ። ኮፍያው ቢጫ ነው።

«ቀይ ነው!» አለ ባለሥጋ ቤቱ ከመቀመጫው ተነስቶ። «ኮፍያው ቀይ ነው! ምን ዓይነት ድፍረት ነው!»

«አሳደፉት!» «ማዛጋቱንስ እንይ!» «ይሄ ሆድ ነው? ጥጥ ነው እኮ!» ከየአቅጣጫው ጩኸት ሆነ። ሰውየው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ሲናገር ግን ሁሉም ዝም ብሎ ወደ እቴቴ ዞረ። እሷ አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ታያለች።

መምህሩ ተነሳ። «እኔ ልርዳዎ፣ እትዬ» አለና በክፍል ድምፁ ጀመረ። «‹እህቴ ሆይ፣ ዛሬ የወተት ፋብሪካውን እንጎበኛለን› ይላል።»

አገዳ መምጠጡ ቆመ።

«እህቴ?» አለ አንዱ የወንጂ ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ፣ ጉማሬው ሽማግሌ ልኮ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሦስት እንቁራሪቶች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ሲጮሁ እቴቴ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብላ ተርጉማቸው፣ አዳራሹ በእልልታ ተናግቶ፣ የፊልሙ ዋዜማ ቅዳሜ ደግሞ መብራት ጠፍቶ፣ እኛም ሳምንቱን ሙሉ የሽመላዋን ቤተሰብ መልስ ስንጠብቅ ነው የከረምነው። በአገራችን ደግሞ ጋብቻ ሲታሰብ የዘር ቆጠራው የት ድረስ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ያ ረቢ! እህቱን ሊያገባ ነው እንዴ!» አሉ። የወንጂው ሰው አገዳውን ወረወረ። «ነውር ነው! ፊልሙ ይቁም!» የሚል ጩኸት ተነሳ። የእቴቴ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ራሴ አሁን ነው ጉዱ የሚፈላ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እውነቴን ነው!» ይላል መምህሩ። «እህቴ ነው ያለው! እኔ የምነግራችሁ ፊልሙ የሚለውን ነው!»

ባለሥጋ ቤቱ ዞሮ ጮኸበት። «ፊልሙ የሚለውን ማን ጠየቀህ? እኛ የምንፈልገው ጉማሬው የሚለውን ነው!»

በዚሁ መሐል ባለ ቢጫ ኮፍያው ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ተሰበረ። ሰውዬው ጭንቅላቱን ይዞ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንዳለ ግን መምህሩም አልሰማ፣ ማንም አልሰማ። ሲኒማ ቤቱ ሙሉ፣ አገዳ ቆራጩም፣ ባለጋሪውም፣ ሊቀመንበሩም ጭምር፣ ጭንቅላቱን ይዞ በአንድ ድምፅ «ማል ና ወያ!» አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር ድምፁ ተመልሶ ላያችን ላይ ወረደ። ከዚያ ሳቁ! አቤት ሳቁ!

«እትዬ፣ ይቀጥሉ እንጂ!» አሉ አሮጊቷ በኦሮምኛ። «ቤተሰቦቿ ምን አሉ?»

እቴቴ ቀና አለች። ዓይኗ ሞልቷል። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ በለመድነው ወፍራም ድምፅዋ ቀጠለች። ሰውዬው ወተት ፋብሪካ ሲገባ «ለድግሱ እርጎ ልዘዝ» አለ። የፋብሪካው መሐንዲስ የወተት ማሽኑን ሲያሳየው «እርጎው ስንት ማድጋ ይበቃል?» እየተባባሉ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ባቡር ጣቢያ ላይ ሲተቃቀፉ፣ እቴቴ «እሺ ብለናል፣ ልጃችንን ሰጥተናል» አለች። እልልታው ቀለጠ። ባለሥጋ ቤቱ ኮፍያውን ወደ ላይ ወርውሮ እስከ ዛሬ አላገኘውም። እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ስንወጣ መምህሩ በሩ ላይ ብቻውን ቆሟል። እቴቴ ጓዟን ከባለሥጋ ቤቱ ተቀብላ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። ማንም እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ንገረኝ እስቲ። እውነት እህቱ ናት?»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። «እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው፣ እትዬ።» ትንሽ አሰበና አንገቱን አከከ። «ግን ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌ ልኳል እኮ። በእህት ላይ ሽማግሌ አይላክም።»

እቴቴ ጓዟን መሬት ላይ አስቀመጠች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

«ለመሆኑ ሠርጉ መቼ ነው?» አላት፣ አሁንም ቀና ብሎ ሳያያት።

«ቅዳሜ» አለች። «አንቴናው ከቆመ።»

«ባይቆምስ?»

«ባይቆምም።»